«እዚሁ ፈትሸህ ውሰድ» ብሎ የሸወደኝ የገመድ ሻጭ

ፒኤስ ቱን (የድሮውን የጌም ማሽን፣ ፕሌይስቴሽን 2ን) ከአዲስ ቲቪ ጋር የሚያገናኝ ገመድ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ንዴቴ ገና አልበረደም። ሆን ብዬ ነው ሳይበርድ የምጽፈው። ከበረደ እንደ ብዙው ሰው «ይሁን፣ ገንዘብ ነው» ብዬ እተወዋለሁ፤ እነሱም የሚኖሩት በዚህ «ይሁን» ነው።

3,500 ብር ከፍዬ «ኦሪጅናል ኮምፖነንት ኤችዲኤምአይ» የተባለ ገመድ ገዛሁ። ሳልፈትሽ የገዛሁ እንዳይመስላችሁ። ሱቁ ውስጥ፣ በዓይኔ እያየሁ፣ በእጄ እየተጫወትኩ ነው የገዛሁት። ቤት የወጣው ምስል ግን ሱቅ ካየሁት ጋር አይገናኝም። ልመልስ ስሄድ ደግሞ ያ ፍተሻ የሚሉት ነገር እንዴት እንደሚሠራ አየሁት። ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚያ ነው።

ነገሩ የመጣው በታላቅ ወንድሜ ነው። ከዋሽንግተን ለበዓል መጥቷል። ልጆች ሳለን ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት በጨዋታ እየከፈልን፣ ወረፋ እየጠበቅን ኳስ እንጫወት ነበር። በኋላ አባታችን ፒኤስ ቱ ገዛልን። ማሽኑ እስከ ዛሬ ይሠራል። ሜሞሪ ካርዱ የሚይዘው 8 ሜጋባይት ብቻ ቢሆንም፣ ወንድሜ ያኔ የሠራው ቡድን አሁንም ውስጡ አለ። «እሱን አውጥተን አንድ ምሽት እንጫወት» ተባባልን። ቤት ያለው ቲቪ ግን አዲስ ነው። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ የሚሰካበት ቦታ የለውም፤ ያለው ኤችዲኤምአይ የሚባለው የአዲስ ቲቪዎች መሰኪያ ብቻ ነው። ብዙዎቻችሁ ቤት እንዲሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

ስለ ገመዱ ትንሽ ላስረዳ፤ ማጭበርበሩ የተደበቀው እዚህ ውስጥ ነው። ፒኤስ ቱ ከኋላው ያለው የምስል መውጫ አንድ ነው፤ 12 እግር አለው። ከዚያ አንድ ቀዳዳ የተለያየ ዓይነት ምስል ማውጣት ይቻላል። ሁላችንም የምናውቀው ቢጫው ገመድ ብርሃኑንም ቀለሙንም ቀላቅሎ በአንድ ሽቦ ይልካል። ቲቪው መልሶ ሲለያቸው ጠርዙ ይበላሻል፣ ቀለሙ ይፈሳል። ኮምፖነንት የሚባለው ግን ምስሉን ለሦስት ሽቦ ከፍሎ ይልካል። አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ጫፍ ያለው እሱ ነው። ልዩነቱ ባለሙያ አይፈልግም። የተጫዋቹን ስም ማሊያው ላይ ማንበብና አለማንበብ ነው ልዩነቱ።

ከኤችዲኤምአይ ጋር የሚያገናኙት ትንንሽ ዕቃዎችም እንደዚያው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከማሽኑ ኮምፖነንቱን ወስዶ ይቀይራል። ሌላው ቢጫውን ወስዶ ይቀይራል። ከውጭ ስታዩአቸው አንድ ናቸው። ሁለቱም ላይ ኤችዲኤምአይ ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱም 1080 ይላሉ፤ የምስል ጥራት ቁጥር መሆኑ ነው።

ተአምር አልጠየቅኩም። ማሽኑ የወጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው፤ የተሠራው ለድሮው ጀርባው ትልቅ ቲቪ ነው። አብዛኛው ጌም የሚያወጣው 480 መስመር ነው፤ እሱንም በአንድ ጊዜ አያወጣውም፣ ግማሽ ግማሹን እያፈራረቀ ነው የሚልከው። በትልቅ አዲስ ቲቪ ላይ ትንሽ ደብዘዝ እንደሚል አውቃለሁ። የፈለግኩት ማሽኑ ማውጣት የሚችለውን ንጹሕ ምስል ነው። የከፈልኩትም ለዚያ ነው።

ሱቁ መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ከመስታወቱ ሥር ቻርጀርና ኤርፎን፣ ግድግዳው ላይ ሁልጊዜ የበራ ቲቪ፣ ከባንኮኒው ኋላ ስልኩን የሚነካካ ረዳት። «አለቃ፣ ዋናውም አለ፣ ኮፒውም አለ። ላንተ ዋናውን ነው የማወጣልህ» ይላል ሻጩ። ኮፒው ሲታይ ዋጋው ግማሽ ነው። «ኮፒው ቢጫውን ነው የሚቀይረው፣ ምስሉ አያምርም። ይሄ ግን ኮምፖነንት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው የነገረኝ! ልዩነቱን ከእኔ እኩል ያውቃል። ስለዚህ «ሳያውቅ ነው» የሚል ሰው እንዳይመጣብኝ።

ልፈትሸው አልኩ። ቅር ያለው አይመስልም፤ እንደውም ደስ አለው። «እዚሁ ፈትሸህ ውሰድ፤ እኛ ጋ ሳይፈተሽ ዕቃ አይወጣም» አለ። ማሽኔን ተቀብሎ ከባንኮኒው ሥር አስቀመጠው። ሲዲዬን ላወጣ ስል «ያንተን አናንገላታው፣ እኔ ጋ መሞከሪያ አለ» አለ። ጆይስቲኬንም አልሰካውም፤ «ገመዱ አይደርስህም፣ በዚህ ሞክር» ብሎ ሌላ ሰጠኝ። ትንሽ ጎንበስ ብሎ ነካካ። ግድግዳው ላይ ኳስ ወጣ። ጥርት ያለ ነው። ሣሩ አረንጓዴ፣ ጽሑፉ የተቆረጠ ይመስላል። ተጫወትኩበት። ቁልፍ ስነካ ወዲያው ይታዘዛል። ከፈልኩ።

ማታ ከወንድሜ ጋር ሰካነው። በተጫዋቾቹ ጠርዝ ላይ ጉንዳን የሚተራመስ ይመስላል። ስም አይነበብም። ነጭ ማሊያ ላይ ቀስተ ደመና ይሄዳል። ኳስ አቀብል ስትለው ትንሽ ቆይቶ ነው የሚያቀብለው። ቲቪውን ጌም ሞድ ላይ፣ ማለትም መዘግየት የሚቀንሰው ማስተካከያ ላይ አደረግነው፤ መዘግየቱ ትንሽ ቀነሰ፣ ምስሉ ግን ያው ነው። ከዚያ ወደ ማሽኑ ማስተካከያ ገባሁ። ሲዲ ሳይኖር ስታበሩት የሚመጣው ገጽ ላይ፣ ሲስተም ኮንፊገሬሽን ውስጥ፣ ኮምፖነንት ቪዲዮ አውት የሚል አለ። ምርጫው ሁለት ነው፤ አንዱ በዋይ ፊደል ይጀምራል፣ ሌላው አርጂቢ ነው፤ ሁለቱም ቀለሙ በኮምፖነንቱ ሽቦዎች የሚላክበት መንገድ ናቸው። ገመዱ እውነት ኮምፖነንት ከሆነ፣ ይህን ስትቀይሩት ቀለሙ መዛባት ወይም ምስሉ መጥፋት አለበት። እየቀያየርኩ አየሁት። ምንም። ንቅንቅ አላለም። ቢጫው ሽቦ ይህ ምርጫ አይመለከተውም፤ ስለዚህ የገዛሁት ቢጫውን የሚቀይረውን ነው ማለት ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ሰፈር ያለ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። የገመዱን ጫፍ ከፈተልኝ። ለምስል የገባው ሽቦ አንድ ብቻ ነው። ለኮምፖነንቱ ሦስት ሽቦ መግባት የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ብየዳ የሚባል አልነካውም። ጠጋኙ ፎቶ እንዳነሳው ለጠረጴዛ መብራቱ አስጠጋልኝ። «ይሄማ ኮፒ የሚሉት ነው» አለ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ዝም ብሎ ነው የሚያየው። ዝምታው ከገንዘቡ በላይ አቃጠለኝ። ለአንድ ምሽት ጨዋታ ብሎ የቋመጠ ሰው ነው።

በማግስቱ ገመዱንም ፎቶውንም ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ፎቶውን ሳያየው «ቲቪህ ነው» አለ። ፎቶውን እይ አልኩት። «ፈትሸህ አልወሰድክም? ስትጫወት አልነበረም እንዴ?» ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝ። ረዳቱ ከስልኩ ቀና ሳይል «በዚህ ዘመን ፒኤስ ቱ ይዞ ስለ ጥራት ያወራል እንዴ? ፋይቭ ግዛ በለው» አለ። ለእኔ አልነበረም የሚያወራው። እኔ ፊቱ ቆሜ ስለ እኔ ለአለቃው ነው የሚያወራው። በለው! እንደ ሰው እንኳን አልቆጠረኝም።

እዚያ ስንጨቃጨቅ አንዲት እናት ከአሥር፣ አሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ጋር ገቡ። ልጁ ፒኤስ ቱ በፌስታል ታቅፏል። ሻጩ እኔን ትቶ ወደ እነሱ ዞረ። ድምፁ ተለወጠ። «እናት፣ ዋናውም አለ፣ ኮፒውም አለ» ብሎ ጀመረ። ቃል በቃል ያው ነው። ማሽኑን ተቀበለ። ከባንኮኒው ሥር አስቀመጠ። «ሲዲህን አናንገላታው» አለው ልጁን። ሌላ ጆይስቲክ ሰጠው። ግድግዳው ላይ ያው ኳስ፣ ያው አረንጓዴ ሣር ወጣ። ልጁ ፊቱ በራ።

እኔ ቆሜ የነበረው በጎን በኩል፣ ባንኮኒው በሚከፈትበት ነው። ጎንበስ አልኩ። የልጁ ማሽን ከሥር ተቀምጧል። መብራቱ ቀይ ነው።

ፒኤስ ቱ ያላችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቀይ ማለት መብራት አግኝቷል፣ ግን አልተከፈተም ማለት ነው። ሲከፈት አረንጓዴ ነው። ማሽኑ ሳይከፈት ልጁ ከላይ ኳስ እየተጫወተ ነው! ገመዱ ከማሽኑ ጀርባ ተሰክቷል፤ የኤችዲኤምአይ ጫፉ ግን ወለሉ ላይ ተንጠልጥሏል። ከቲቪው የሚመጣውን ሽቦ በዓይኔ ተከተልኩት። መጨረሻው ላይ ጣት የምታህል ጥቁር ዕቃ ተሰክታለች። ብዙ ሺህ የድሮ ጌም ተጭኖባት በየሱቁ የምትሸጠዋ ስቲክ ናት። ጌሙ ውስጧ ነው፤ ከራሷ በኤችዲኤምአይ ነው የምታወጣው፤ ለዚያ ነው የሚጠራው። የእኔም ማሽን ያን ቀን እንደዚያ ቀይ መብራቱን አብርቶ ተቀምጦ ነበር። አንድም ሰከንድ አልተከፈተም። 3,500 ብር የከፈልኩት የሌላ ዕቃ ምስል አይቼ ነው።

«እትዬ፣ ማሽኑ አልተከፈተም፤ ጎንበስ ብለው መብራቱን ይዩት» አልኳቸው። ሻጩ ወዲያው ቲቪውን አጠፋው። ሌላ ማስረጃ ምን ያስፈልጋል? ንጹሕ ሰው «ይኸው እዩት» ይላል እንጂ ቲቪ አያጠፋም። ሴትየዋ ጎንበስ አሉ፣ አዩት። አንድ ቃል አልተናገሩም። ማሽኑን ራሳቸው ነቅለው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱትና የልጁን እጅ ይዘው ወጡ። ሻጩ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ምን አገባህ? የሰው እንጀራ ትዘጋለህ?» አለኝ። የእኔን ኪስ አራግፎ፣ ሕፃን ልጅ ፊት የውሸት ጨዋታ ከፍቶ፣ እንጀራ ዘጋህ ይለኛል። ረዳቱ በሩን እያሳየኝ «በቃ ውጣልን» አለ። ገንዘቤን አልመለሱም። ገመዱ እጄ ላይ ነው።

የሱቁን ስም እዚህ አልጽፍም። ይህ ዘዴ የአንድ ሱቅ ብቻ ነው ብዬም አላምንም፤ በጣም የተለማመዱት ነገር ነው። ደረሰኙን ግን ይዣለሁ፣ አቤቱታም አቀርባለሁ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ከአዋጅ አይበልጥም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ግን አንድ ብር አትክፈሉ።

ስትፈትሹ ማሽኑ ባንኮኒው ላይ፣ ዓይናችሁ ሥር ይሁን። በራሳችሁ ሲዲ፣ በራሳችሁ ጆይስቲክ ሞክሩ። መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን እዩ። ጌሙ እየሄደ ገመዱን ከማሽኑ ጀርባ ንቀሉት፤ ምስሉ ካልጠፋ የምታዩት ሌላ ዕቃ ነው። ከዚያ ያልኳችሁን ማስተካከያ ወደ አርጂቢ ቀይሩት፤ ቀለሙ ሳይዛባ፣ ምስሉም ሳይጠፋ ከቀረ አትግዙ። ገመዱ እውነተኛው ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ ማስተካከያውን ወደ ነበረበት መልሱት።

የድሮውን ጀርባው ትልቅ ቲቪ ሊጥል ያሰበ ዘመድ ካላችሁ ለምኑት። እነዚህ ማሽኖች የተሠሩት ለእሱ ነው፤ በቢጫው ገመድ እንኳን ያምርበታል፣ መዘግየትም የለውም። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ማሽን ከሆነ ግን ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ እዚያ የሚሸጠው ብዙው የሚሠራው በ120 ቮልት ስለሆነ እኛ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ እኛ ጋ የነበሩት የድሮ ቲቪዎች የተሠሩት ፓል ለሚባለው የቲቪ ምስል ሥርዓት ነው፤ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ የሚባል ሌላ ሥርዓት ስለሆነ አንዳንዱ ላይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይመጣል።

እንዲህ ዓይነት ገመድ ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ያንን ማስተካከያ ሞክሩት። ቢጫው ሆኖ ካገኛችሁት ደረሰኛችሁን ፈልጉና ጻፉልኝ፤ አቤቱታውን አብረን እናስገባለን።