ቢዋይዲ ሲል ከ10 ወር በኋላ፦ ለ2.1 ሰከንድ ስንት ከፈልኩ?

«መኪናህ ምንድን ናት?» ይሉኛል። «ቢዋይዲ ሲል» እላለሁ። «ማን ሲል?» ይላሉ። ሲል (Seal) የቻይናው ቢዋይዲ (BYD) የኤሌክትሪክ መኪና ናት፤ አዳማ ውስጥ ግን ይሄን ቀልድ ያልቀለደብኝ የለም። የዕቁባችን ዳኛማ ጭራሽ ስሟን ቀይሮልኛል፤ «ባንኩ አምጣ ሲል» ነው የሚላት።

የህንጻ መሣሪያ ነጋዴ ነኝ፤ ሱቄ ፖስታ ቤት አካባቢ ነው። በሳምንት ሁለቴ መርካቶ እወጣለሁ። ዕቃውን የሚያመጣው አይሱዙ ነው፤ እኔ የምሄደው ለመደራደር ነው። ለዚህ ሥራ ፈጣን መኪና አያስፈልግም። ይሄን ቀድሜ የምናገረው በኋላ «ታዲያ ለምን ገዛህ?» እንዳትሉኝ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ፈጣን መኪና እወዳለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የእኔዋ ባለሁለት ሞተሯ ናት፤ አራቱም ጎማ ይነዳል። ጉልበቷ 390 ኪሎዋት፣ በፈረስ ጉልበት 523 ገደማ። ባትሪዋ 82.5 ኪሎዋት ሰዓት። ከቆመችበት ተነስታ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ለመግባት በወረቀት 3.8 ሰከንድ ይበቃታል። ታናሽ እህት አለቻት፤ በኋላ ጎማ ብቻ የምትነዳ፣ ባትሪዋ ያው፣ 308 ፈረስ ጉልበት ያላት። እሷ 100 የምትገባው በ5.9 ሰከንድ ነው። ይህቺን ታናሽ አትርሷት፤ እመለስባታለሁ።

እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው የቤንዚን መኪና አዲሱን ማስገባት ለእንደኔ ዓይነቱ ድሮም የሚታሰብ አልነበረም። ኤክሳይዙ፣ ሱር ታክሱና ቫቱ ተደራርበው ዋጋውን እጥፍ ድርብ ያደርጉታል። ከ2016 ጥር ወዲህ ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ራሱ ተከለከለ። ለኤሌክትሪክ ግን በ2014 ገንዘብ ሚኒስቴር እነዚህን ሦስቱን አንስቶ ነበር፤ ተገጣጥሞ በሚገባው ላይ 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ቀረ። ሕልሜን ቅርብ ያደረገልኝ ይሄ ነው።

ያራቀብኝ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። የዚያን ዕለት ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። ለመኪና ብዬ ያስቀመጥኩት ብር ቁጥሩ አልተነካም፤ የሚገዛው መኪና ግን እያነሰ ሄደ። በሐምሌ ሙሉ መኪና ይገዛል ያልኩት ገንዘብ በታኅሣሥ ግማሿን ብቻ የሚሸፍን ሆነ።

በታኅሣሥ 2017 ስገዛት 6.2 ሚሊዮን ብር ተባልኩ። ታናሺቱ እዚያው ጎን ቆማለች፤ 5.5 ሚሊዮን። የ700 ሺህ ልዩነት። ሻጩ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ሁለቱንም አስነዳኝና ዝም አለ። ዝም ባይል ኖሮ ምናልባት አስብ ነበር።

ገንዘቡ እንዲህ ተሰበሰበ። አሮጌዋን ኮሮላ በ1.5 ሚሊዮን ሸጥኩ። ከቁጠባ 1.3 ሚሊዮን አወጣሁ። በሳምንት 15 ሺህ የምንጥለው የ40 ሳምንት ዕቁብ ነበረኝ፤ በዘጠነኛው ሳምንት ደረሰኝና 600 ሺህ አመጣ። የቀረውን 2.8 ሚሊዮን ባንክ።

ከባንኩ ጋር ያለውን ጉዳይ ረዘም አድርጌ ላውራው፤ ሰው የማይነግራችሁ እሱን ነውና።

መጀመሪያ ነገር፣ ባንኩ የሚያበድረው እናንተ በምትከፍሉት ዋጋ ላይ ተመሥርቶ አይደለም። የራሱ ገማች አለው። ገማቹ መጣ፣ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፣ 5.6 ሚሊዮን ብሎ ጻፈ። የዚያን ግማሽ ነው የፈቀዱልኝ። «ከ6.2ቱ ግማሽ» ብዬ ሳሰላ ለነበርኩት ሰውዬ 300 ሺህ ብር ጎደለኝ። ከቁጠባዬ 1 ሚሊዮን ብቻ ላወጣ ነበር ሐሳቤ፤ 1.3 የሆነው በዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ወረፋ። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር። ወደ 18 ያሳደገው እኔ ልፈርም ስል ነው። ባንኩ ካዝናው ሙሉ ቢሆን እንኳ ኮታው ካለቀ «በሚቀጥለው ወር ብቅ ይበሉ ጋሼ» ነው መልሱ። ሦስት ወር ብቅ አልኩ። ስጀምር 16.5 በመቶ የነበረው ወለድ ስፈርም 18 ሆኗል። ውሉ ላይ ደግሞ ባንኩ ወለዱን ሊቀይር እንደሚችል የሚል አንቀጽ አለ። አንብቤዋለሁ። አንብቤ ፈረምኩ።

18 በመቶ፣ አምስት ዓመት፣ 2.8 ሚሊዮን። በወር 71,101 ብር። በ60 ወር ስትደምሩት 4.27 ሚሊዮን ገደማ ነው። የተበደርኩት 2.8፤ ትርፉ ወደ 1.47 ሚሊዮን ወለድ። በሱ ብር ደህና የሚባል ያገለገለ መኪና ይገዛ ነበር፤ የእኔዋ ኮሮላ ራሷ የወጣችው በዚያው ዋጋ ነው።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ይሄ አይደለም። በአራተኛው ወር ሄጄ የክፍያ ሠሌዳውን አሳትሙልኝ አልኩ። (ከመፈረሜ በፊት ነበር መጠየቅ የነበረብኝ።) ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ከምትከፍሉት ብዙውን የሚበላው እሱ ነው። ከመጀመሪያው 71 ሺህ ውስጥ 42 ሺሁ ወለድ ነበር። እስከዛሬ በ10 ወር 711 ሺህ ብር ከፍያለሁ። ዕዳዬ የቀነሰው በ311 ሺህ ብቻ ነው። 400 ሺሁ የት ገባ ብትሉ፣ ወለድ ውስጥ። አሁንም ወደ 2.49 ሚሊዮን ብር ባለዕዳ ነኝ።

አንድ ጓደኛዬ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ነው የወሰደው፣ ሙራባሃ የሚሉትን። ባንኩ መኪናውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ መልሶ ይሸጥለታል። ርካሽ ነው አልልም። ግን ጠቅላላው ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን ተቆርጦ ይታወቃል። እኔ ወለዱ ነገ ስንት እንደሚሆን እየተሳቀቅሁ እሱ ይተኛል።

አሁን ወደ ታናሺቱ። እሷን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ 700 ሺህ ብር ያነሰ እበደር ነበር። ያ 700 ሺህ በዚሁ ወለድ፣ በአምስት ዓመት ሲከፈል 1,066,500 ብር ግድም ይሆናል። የገዛሁበት ደግሞ ምንድን ነው? 5.9 ሲቀነስ 3.8፤ 2.1 ሰከንድ። አንዱ ሰከንድ ከ500 ሺህ ብር በላይ ወጣብኝ ማለት ነው። ይሄን ለባለቤቴ ባልነግራት ይሻለኝ ነበር። በሳምንት ስንቴ እንደምጠቀምበት ጠየቀችኝ።

በሳምንት ሁለቴ ነው። የፍጥነት መንገዱን የክፍያ በር አልፌ፣ ከፊቴ ማንም ከሌለ፣ ረገጥ አደርጋታለሁ። የሞተር ጩኸት የለም። ጀርባህ ወንበሩ ላይ ይለጠፋል፣ ሆድህ ወደ ኋላ ይቀራል። አራት ሳትቆጥር ያልቃል። ከዚያ እግሬን አነሳለሁ፤ ትራፊክም አለ፣ ሕግም አለ፣ ልጆችም አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ እነዚያ አራት ሰከንዶች ከ10 ወር በኋላም አልሰለቹኝም።

በኤሌክትሪኩ ደስተኛ ነኝ። በወር 2,000 ኪሎሜትር ግድም እነዳለሁ። ማታ ግቢዬ ውስጥ ቻርጅ አደርጋለሁ፤ በ7 ኪሎዋት ቻርጀር ከባዶ ለመሙላት 12 ሰዓት ይፈጃል፣ ግን ከባዶ ጀምሬ አላውቅም። የመብራት ሂሳቤ በወር 2,200 ብር ገደማ ጨመረ። ኮሮላዋ ብትኖር፣ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ በኋላ፣ ወደ 20 ሺህ ትበላ ነበር። እንግዲህ በወር ከ17 ሺህ ብር በላይ ቆጠብኩ። ሰው ሁሉ «ነዳጅ ተገላገልክ» የሚለኝ ይሄን ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ለዚያች 2.1 ሰከንድ የምከፍለው የወር ክፍያ 17,775 ብር ነው። በነዳጅ ያተረፍኩትን እሷ ጥርግ አድርጋ ትወስደዋለች።

መንገዱ ራሱ ያስተምራል። አዲስ አበባ ከአዳማ ከ600 እስከ 700 ሜትር ከፍ ትላለች። ስወጣ 26 በመቶ ባትሪ ይሄዳል፤ ስመለስ 17 ይበቃኛል፣ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ራሱ ቻርጅ ያደርጋልና። ሁለት ቶን የሚያልፍ ብረት ሽቅብ መግፋት ቀላል አይደለም። አዳማ ልገባ ስል እነዚያ የነፋስ ማመንጫዎች ይታዩኛል፤ ሁለቱ ፕሮጀክቶች በድምሩ 204 ሜጋዋት ናቸው። ሲሽከረከሩ ሳይ የኔን ቻርጅ የሚያሞቁ ይመስለኛል። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ አድሮ ጠዋት 34 በመቶ ይዤ ወጣሁ። አዲስ አበባ ያገኘሁት ቻርጀር አይሠራም፤ ደንበኛዬ ቤት ሦስት ሰዓት ቡና ስጠጣ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ከ60 በታች ይዤ አልተኛም።

ከተማ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ሆዷ ከመሬት የሚርቀው 12 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። የአዳማን ስፒድ ብሬከር የሠራው ሰው ይህቺን መኪና አላሰበም። ፍራንኮ ጋ በባጃጅና በጋሪ መሀል 523 ፈረስ ጉልበት ይዤ ስቆም አንዱ የጋሪ ፈረስ መስኮቱን አሽትቶ ሄደ። እሱ አንድ ነው፤ ቀድሞኝ ነው የደረሰው።

ሙሉ ኢንሹራንስ ባንኩ ግዴታ ያደርገዋል፤ ቀዳሚ ተጠቃሚውም ባንኩ ነው። የመጀመሪያው ድርጅት «ባትሪው ቢጎዳ በምን እንገምተዋለን?» ብሎ መለሰኝ። ሁለተኛው በዓመት 168 ሺህ ብሎ ተቀበለኝ። በስድስተኛው ወር አንድ ባጃጅ ስፖኪዮዬን ይዞት ሄደ። የመጀመሪያውን 20 ሺህ ከኪሴ ከፈልኩ፣ ዕቃው እስኪመጣ ሰባት ሳምንት ስፖኪዮውን በፕላስተር አስሬ ነዳሁ። ስድስት ሚሊዮን ብር በፕላስተር!

ጎማ ሌላው ነው። 235/45 ባለ19 ነው፤ አዳማ ውስጥ አላገኘሁም፣ አዲስ አበባ አንዱን 31 ሺህ ተባልኩ። የኋላዎቹ ሁለቱ በ18 ሺህ ኪሎሜትር ተላጩ። የመኪናዋ ጥፋት አይደለም፤ የእግሬ ነው። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ የሚባል ወጪ ግን የለም፤ ጋራዥ ያለው ጎረቤቴ ሰላምታው ሁሉ ቀዝቅዟል።

እናቴን ወንጂ ሄጄ አሳፈርኳት። ትንሽ እንደሄድን «ድምፅ የለውም እንዴ? ታዲያ መሄዱን በምን አወቅህ?» አለችኝ። ከዚያ ስንት እንደሆነ ጠየቀች። ቀንሼ ነገርኳት። «ስንት ሰው ይጭናል?» አለች።

«አምስት፣ እማዬ።»

«ሚኒባስ አትገዛም ነበር?»

ብድር መኖሩን ስነግራት ደግሞ «ዕዳ ከሜዳ» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ስትወርድ ግን በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

«ልግዛ ወይ?» ለሚለኝ መልሴ ይሄ ነው። መኪናዋ ድንቅ ናት፤ ታናሺቱን ግዛ። ሁለት ዓመት ቆጥበህ ብድሩን በግማሽ መቀነስ ከቻልክ ጠብቅ ልልህ እፈልግ ነበር፤ ግን እኔ ቆጥቤ ስጠብቅ ሐምሌ 22 መጣብኝ፣ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ አፌን ሞልቼ አልናገርም። የክፍያ ሠሌዳውን ከመፈረምህ በፊት አሳትም። ቀድመህ ብትከፍል ቅጣት እንዳለው ጠይቅ። የኔ ውል ላይ የለውም፤ እሱ ነው አሁን የያዘኝ።

ሊብሬው ገና ባንክ ቤት ነው። የድሮው ዕቁብ በሐምሌ አለቀ፤ ባለፈው ሰኞ አዲስ ገባሁ፣ በሳምንት 20 ሺህ። ሲደርሰኝ ቀጥታ ለዕዳው ነው። ዳኛው ስሜን ሲመዘግብ ቀና ብሎ አየኝና «ደግሞ የቱ መኪና ሲል ነው?» አለኝ።