ቫልቭ ያለው ስፔሰር፦ ምኑን ይፈታል፣ ምኑን አይፈታም

አስሙ አልታዘዝ ያለ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ጠንከር ያለ መድኃኒት ነው። በእጁ ያለው ግን ሳንባው ደርሶ ያውቃል ወይ? ከሚረጭ ኢንሄለር የሚወጣው ጭጋግ በኃይል ስለሚወረወር አብዛኛው አፍና ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ጣትና ትንፋሽ እኩል ካልሄዱ ደግሞ ለሳንባ የሚተርፈው ከዚያም ያንሳል። ስፔሰር ለዚህ የተሠራ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ጭጋጉን ያዘገየዋል፤ ትልልቁ ጠብታ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ደቃቁ በረጋ ትንፋሽ ይሳባል።

ከ150 እስከ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዙ አሉ። ትልቁ ቦርሳ አልገባ ብሎ ቤት የሚቀር ከሆነ ትንሹ ይሻላል። ሲገዛ በደንብ መታየት ያለበት ቫልቩ ነው፦ ሲሳብ መከፈት፣ ሲተነፈስበት መዘጋት አለበት። ጫፉ የተጠቀለለ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ዕቃው ተራ ቱቦ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ውስጡ የሚታይ፣ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይመረጣል። አንዳንዶቹ በፍጥነት ሲሳብባቸው ያፏጫሉ፤ ለጀማሪ ጥሩ አስተማሪ ነው።

አጠቃቀሙ፦ ክዳኑን አውልቆ ኢንሄለሩን በደንብ መነቅነቅ፣ ከስፔሰሩ ጀርባ መሰካት፣ አየር ማስወጣት፣ ከንፈርን ገጥሞ አንዴ ብቻ መጫን፣ ወዲያው ከ3 እስከ 5 ሰከንድ በዝግታ መሳብ፣ እስከ 10 ሰከንድ ትንፋሽን መያዝ። መያዝ የማይችል 5 ወይም 6 ጊዜ እንደ ወትሮው ይተንፍስበት። ለሁለተኛው ፓፍ (አንድ ጊዜ ሲጫን የሚረጨው) ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መነቅነቅ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ሁለት ሦስት ፓፍ በአንዴ መርጨት ኪሳራ ነው፤ ጭጋጉ እርስ በርሱ ተጋጭቶ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ጭምብል ለሚያስፈልገው ሕፃን ጭምብሉ ፊቱ ላይ ክፍተት ሳይተው መግጠም አለበት። እያለቀሰ ያለ ልጅ የሚያገኘው መድኃኒት ጥቂት ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው አጠባው ነው። አዲስ ፕላስቲክ፣ ሹራብ ሲወልቅ የሚንጣጣውን ዓይነት ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ያም መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ይስበዋል። ከመጀመሪያው አጠቃቀም በፊት፣ ከዚያም ቢያንስ በወር አንዴ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጠብ በተደረገበት ለብ ያለ ውሃ አጥቦ እንዲሁ እንዲደርቅ መተው ነው። በጨርቅ መወልወል ኤሌክትሪኩን ይመልሰዋል።

ስቴሮይድ (በየዕለቱ የሚሳበውን የመከላከያ መድኃኒት) ለሚወስድ ሌላም ትርፍ አለው፦ ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ስለሚቀንስ የድምፅ መጎርነንና የአፍ ፈንገስ ይቀንሳል። ከሳቡ በኋላ በውሃ መጉመጥመጡ ግን አይቀርም።

አሁን የማይፈታው። አስምን ከቁጥጥር ውጭ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው የመከላከያውን ስቴሮይድ አቋርጦ በማስታገሻው መኖር ነው፤ ይህን የትኛውም ቱቦ አይጠግነውም። የማስታገሻው የሳልቡታሞል አንድ ቆርቆሮ 200 ፓፍ ይይዛል፤ በዓመት 3 እና ከዚያ በላይ መጨረስ የከባድ ጥቃት ስጋትን፣ 12 መድረስ ደግሞ የሞት ስጋትን ይጨምራል። ማጨስ፣ ያልታከመ የአፍንጫ አለርጂ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ለደም ግፊት ወይም (በጠብታ መልክ) ለዓይን ግፊት የሚሰጡ ቤታ ብሎከር የተባሉ መድኃኒቶችም አብረው መፈተሽ አለባቸው። ባለፉት 4 ሳምንታት በአስም ምክንያት አንድ ሌሊት እንኳ መንቃት፣ ወይም ማስታገሻውን በሳምንት ከ2 ጊዜ በላይ መፈለግ፣ ስፔሰር ይዞም ቢሆን ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ምልክት ነው።

በዱቄት መልክ ለሚሳብ ኢንሄለር ስፔሰር አይገዛ። ያኛው የሚፈልገው ፈጣንና ጥልቅ ስበት ነው፤ በቱቦ ቢሞከር ዱቄቱ ውስጡ ይቀራል።