መንገድ በሌለበት እሳተ ገሞራ ላይ የፈተንኩት የቆዳ ጫማ

ሶሉ ሰባት ቦታ ተቆርጧል። ትልቁ ቁርጥ የትንሿ ጣቴን ጥፍር ያህላል። ሌላ ጉዳት አላየሁበትም። ይህን የምጽፈው ጫማውን አጥቤ፣ ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቄ፣ ጥላ ውስጥ ካቆምኩት በኋላ ነው። አሥር ሰዓት ተኩል እግሬ ላይ ውሏል። ከዚያ ውስጥ ሰባቱን ሰዓት ዱካ እንኳ በሌለበት የእሳተ ገሞራ ጎን ላይ ነበርን፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ።

ጫማው ሙሉ ቆዳ ነው። ከቁርጭምጭሚት በላይ ይደርሳል። ሶሉን በሁለት እጅ ይዛችሁ ለማጠፍ ብትሞክሩ እምቢ ይላል። አንዱ እግር 800 ግራም ይመዝናል። የማወራው ስለ አሠራሩ ነው እንጂ ስለ ብራንዱ አይደለም፤ በዚህ አሠራር የሚያመርቱ ብዙ ናቸው። እስካሁን ለሃይኪንግ የማደርገው ቀለል ያለ ስኒከር ነበር። ለተረገጠ መንገድ አሁንም እሱን እመርጣለሁ። ግን ከሦስት ዓመት በፊት ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ወልቆ ሁለት ወር አንክሻለሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ልሄድ ሳስብ መጀመሪያ የመጣብኝ ያ ሕመም ነው።

ከመንገድ መውጣት በብዙ ጥብቅ ተራሮች ላይ ክልክል ነው። እኛ በወጣንበት በኩል ይፈቀዳል። አስቀድመን ጠይቀን፣ ስማችንንና የመመለሻ ሰዓታችንን አስመዝግበን ነው የተነሳነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት።

ዳገቱ የጀመረው በስኮሪያ ነው። ስኮሪያ እሳተ ገሞራው የተፋው፣ በውስጡ የነበረው ጋዝ ቀዳዳ ቀዳዳ አድርጎት የደረቀ ጠጠር ነው። ሲከመር ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ድረስ ያዘነብላል። ከዚያ ካለፈ ይናዳል። ስለዚህ የምትረግጡት ዳገት ሁሉ ለመንሸራተት ሰበብ የሚፈልግ ነው። አንድ እርምጃ ትወጣላችሁ፣ ግማሹን ይመልሳችኋል። እዚህ ላይ የጠንካራ ሶል ጥቅም ወዲያው ገባኝ። በጫማው አፍንጫ ጠጠሩን መታ፣ መታ አድርጌ ለራሴ ደረጃ እሠራለሁ። እላዩ ላይ እቆማለሁ። በስኒከር ቢሆን የምመታው በጣቶቼ ነበር።

ገምባሌ ያላደረገ ሰው ግን የትኛውም ጫማ አያድነውም። ከጫማው አፍ እስከ ጉልበት ሥር የሚጠለቀው መሸፈኛ ማለቴ ነው። ወንድሜ የለውም ነበር። በመጀመሪያው ሰዓት ብቻ አራት ጊዜ ተቀምጦ ጠጠር አራገፈ። እኔ ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜም አላራገፍኩም።

ከስኮሪያው በላይ የላቫው ሜዳ መጣ። የሃዋይ ሰዎች ሁለቱን የላቫ ዓይነቶች አአ እና ፓሆይሆይ ይሏቸዋል፤ ስሞቹ በጂኦሎጂም እንዳሉ ተወስደዋል። አአ የሚሉት ሻካራው፣ ስብርብሩ ነው። ትኩስ ላቫ አየር ሲነካው ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ከላዩ መስታወትነት አለው። ጠርዙ ይቆርጣል። ትልልቁ ድንጋይ ደግሞ የረጋ ይመስላል እንጂ ስትረግጡት ይወዛወዛል። ያን ሜዳ ስንሻገር በአንድ ሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላንም።

ጫማውን የወደድኩት እዚህ ነው። ሶሉ ስለማይታጠፍ በሹል ድንጋይ ጫፍ ላይ ስቆም የውስጥ እግሬ አይወጋም። ክብደቴ በመላው እግሬ ላይ ይከፋፈላል። ሁለት ጊዜ ድንጋይ ከሥሬ ዞሮ ቀኝ እግሬ ሊያጋድል ሲል ቆዳው ቁርጭምጭሚቴን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። ሁለተኛው ላይ ልቤ ቀጥ ብላ ነበር። የሶሉ ጥርሶችም ሥራቸውን ሠርተዋል። ይህን ጥርሳም የጎማ ሶል ያወጣው ቪታሌ ብራማኒ የተባለ ጣሊያናዊ ተራራ ወጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ስድስት ጓደኞቹ በአልፕስ ተራሮች ላይ ሞቱበት። ለሞታቸው አንዱ ምክንያት የጫማቸው ሁኔታ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ አዲሱን ሶል አስመዘገበ። ተረከዜን አለቱ ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር ይህን ሰው አስቤዋለሁ።

ሁለት ነገር ከጫማው ጋር አብራችሁ ያዙ። አንደኛው ወፍራም ጓንት ነው። አንድ ጊዜ ወድቄ የግራ ጓንቴ መዳፉ ላይ ተተርትሯል፤ ያለ ጓንት ቢሆን የሚተረተረው እጄ ነበር። ሁለተኛው ምርኩዝ ነው። ፓሆይሆይ የሚባለው ለስላሳ ላቫ ለመራመድ ይመቻል፣ ግን ከላዩ ቅርፊት ሆኖ ከሥሩ ባዶ የሆነበት ቦታ አለ። በምርኩዙ ሳንኳኳ እንደ ባዶ በርሜል ካስተጋባ ዞሬ አልፋለሁ።

ከአምስት ሰዓት ጉዞ በኋላ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። «እታለም፣ ጫማዬ አፉን ከፈተ።»

የግራው ሶል ከፊት እስከ መሃል ተላቋል። ጫማው ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተገዛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካርቶን ውስጥ ነበር፣ ቆዳው ዛሬም አዲስ ይመስላል። እኔም ጠዋት አይቼው ደህና ነው ብያለሁ። ያ ይቆጨኛል። በሶሉና በቆዳው መካከል ያለው ስፖንጅ መሳይ ነገር ፖሊዩሪቴን ይባላል። ከአየር እርጥበት እየሳበ በዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል። ኬሚስቶች ሃይድሮሊሲስ ይሉታል። ማስቲሹ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የሚይዘው ነገር ራሱ ሲፈርስ ምን ያደርጋል? የሸጠለት ሱቅ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልነገረውም። ጫማ ካልተደረገ የማያረጅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከጉዞ በፊት ያን ክፍል በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ ቤት ይቅር።

ወንድሜ ከነፋሱ ተከልሎ ሊጠግን ወደ አንዲት ጎድጓዳ ቦታ መውረድ ጀመረ። ጮኬ መለስኩት። ከበላያችን ከስንጥቅ እንፋሎት ይወጣ ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሽታ የለውም፣ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል፣ እንደ ውሃ ወደ ጎድጓዳ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1986 ካሜሩን ውስጥ ከኒዮስ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ የወጣው ይኸው ጋዝ ወደ ሸለቆ ወርዶ 1,700 ያህል ሰው ገድሏል። እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ጋዝ ይኑር አይኑር የምናውቅበት መሣሪያ አልያዝንም። ስለዚህ ነፋስ በሚገርፈው ጉብታ ላይ ተቀመጥን። በቀዘቀዘ ጣት ሲባጎ አራት ዙር አስረን፣ በላዩ ትርፍ የጫማ ክሬን ጨመርንበት።

ሲባጎውን ላቫው ከሃያ ደቂቃ በኋላ በጠሰው። እንደገና አሰርን። እንደገና በጠሰው። ከእሳተ ገሞራው አፍ 200 ሜትር ያህል ዝቅ ብለን ነበር፣ ጠርዙ ወለል ብሎ ይታየናል። ወንድሜ «አንቺ ሂጂ፣ እጠብቅሻለሁ» አለኝ። አልሄድኩም። ላቫውን ትተን በስኮሪያው በኩል ለመውረድ ወሰንን። ኮምፓሱን ሳወጣ መርፌው ተንቀዠቀዠ። እንዲህ ያለ አለት ውስጥ ማግኔታይት የሚባል ማዕድን ስላለ ድንጋዩ አጠገብ ሲያዙት ይሳሳታል። ቆሜ፣ ከድንጋዩ ራቅ አድርጌ ይዤ፣ ሦስት ቦታ ካየሁ በኋላ አቅጣጫውን አመንኩት።

ቁልቁለቱ ግን ደስ ይላል! ተረከዝን እየሰደዱ፣ ጉልበትን ለቀቅ አድርጎ መውረድ። ጠጠሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣችሁና ቀስ ብሎ ያቆማችኋል። ሁለት ሰዓት የወጣነውን ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ወረድነው። የወንድሜ ሲባጎም እዚህ ላይ አልተበጠሰም። ከላይ ያሉት የጫማው መንጠቆዎች እዚህ ይጠቅማሉ። ከመውረዴ በፊት ክሩን ፈትቼ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን አጥብቄ አሰርኩት፣ ጣቶቼ ከፊት አልተላተሙም።

ያልወደድኩትም አለ። ጫማው ውስጥ ውሃ የማያስገባ ሽፋን አለው። እንዲህ ባለ ተራራ ላይ ምኑ ነው? ዝናብም ቢጥል ስኮሪያው ወዲያው ይመጠዋል፣ የምትሻገሩት ወንዝ የለም። ሽፋኑ የሠራው ላብ ማፈን ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ ካልሲዬ ተጨምቆ ውሃ ይወጣው ነበር፣ የግራ ተረከዜም ውሃ ቋጠረ። ያለ ሽፋን የሚሸጠውን ብታገኙ እሱን ውሰዱ። ክሩም ደካማ ነው። አንዱ መንጠቆው ጋ ሳስቷል፣ ቀይሬዋለሁ። ጠጣር አስፋልት ላይ ደግሞ አታስቡት፤ ወደ መኪናችን የተመለስንበት አራት ኪሎ ሜትር ከላቫው ይልቅ ጉልበቴን አድክሞታል።

ወንድሜ ትናንት ደወለ። «የስንት ቁጥር ነው የወሰድሽው?» አለኝ። ከተለመደው ግማሽ ቁጥር ከፍ ያለ። ምሽት ላይ፣ እግር አበጥ በሚልበት ሰዓት፣ ወፍራም ካልሲ አድርጌ ነው የለካሁት። እሱም እንዲሁ ያድርግ። ቁልቁል ቆሞ ጣቱ ከፊት ካልነካ ልኩ ነው።