«1000 ዋት» የተባለውን ኮንትሮለር ለታጣፊ ሳይክላችሁ እንዳትገዙ

36 ቮልት ባትሪና 250 ዋት ሞተር ያለው ርካሽ ታጣፊ የኤሌክትሪክ ሳይክል ካላችሁ ይህን ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የምትቆጣጠር፣ ኮንትሮለር የምትባል መዳፍ የምታክል የአልሙኒየም ሳጥን ናት። ላይዋ ላይ «36/48 ቮልት፣ 1000 ዋት» ተለጥፎባታል፤ ከሥር ደግሞ ኮንትሮለሩን ብቻ በመቀየር ፍጥነት እጥፍ እንደሚሆን ይነገራችኋል። አትግዟት። የሚባክነው የሳጥኗ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ቀላል ነበር። ይህች ዕቃ ግን ከእሷ ብዙ እጥፍ የሚወደደውን ባትሪ ይዛ ትጠፋለች።

መጀመሪያ ስለ ፍጥነቱ። የሞተሩን ዙር የሚወስነው የሚደርሰው ቮልት ነው። ባትሪው 36 ቮልት እስከሆነ ድረስ የሞተሩ ጣሪያ አይነቃነቅም። አምፔር ሲጨምር የሚጨምረው ጉልበት ነው፤ አነሳሱ ይፈጥናል፣ ዳገት ላይ ይበረታል። ሳይክሉ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ፋብሪካው በኮንትሮለሩ ወይም በዲስፕሌዩ ላይ ገደብ ስላስቀመጠ ነው። አዲሱ ሳጥን ያ ገደብ ስለሌለበት ትንሽ ይፈጥናል፤ ከሞተሩ ጣሪያ ግን አያልፍም። እጥፍ የሚባል ነገር የለም።

ሂሳቡን ደግሞ እንመልከት። የእነዚህ ሳይክሎች የፋብሪካ ኮንትሮለር ከ12 እስከ 15 አምፔር ይስባል። 15 በ36 ሲባዛ 540 ዋት ነው፤ «250 ዋት» የተባለው ሞተር ዳገት ላይ የሚያገኘው ይህንን ነው። በ36 ቮልት 1000 ዋት ለማግኘት 28 አምፔር ገደማ ያስፈልጋል። ወደ ባትሪው ስንሄድ፣ 7.8 አምፔር ሰዓት የሚለው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 18650 የሚባሉ 30 ጣት መሰል የሊቲየም ሴሎች ነው፦ 10 ተርታ፣ በየተርታው 3 ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ 2.6 አምፔር ሰዓት። እንዲህ ያለው ተራ ሴል ሳይጎዳ ያለማቋረጥ የሚሰጠው 5 አምፔር ገደማ ስለሆነ ሦስቱ አንድ ላይ 15 ይሰጣሉ። ፋብሪካው 15 ላይ ያቆመው የባትሪው አቅም እዚያ ላይ ስለሚያበቃ ነው። 28 ስትጠይቁት እያንዳንዱ ሴል ከ9 አምፔር በላይ ይሸከማል።

ከዚህ በኋላ ከሁለት አንዱ ይከተላል። ባትሪው ውስጥ ያለው ጠባቂ ሰሌዳ፣ ማለትም ቢኤምኤሱ፣ ጤነኛ ከሆነ ዳገት መሃል ላይ በድንገት ይዘጋል፤ ከኋላ መኪና እየመጣ ከሆነ ይህ ራሱ አደጋ ነው። ሰሌዳው ደካማ ከሆነ ደግሞ ሴሎቹ ይግላሉ፣ ያረጃሉ፣ አንዱ ተርታ ከሌሎቹ ቀድሞ ይወድቃል። በዚህ ዓይነት የተጎዳ የሊቲየም ባትሪ ነው ሌሊት ቻርጅ ላይ እያለ እሳት የሚያስነሳው። የቮልት መውረድም አለ። ያገለገለ ባትሪ ከነሽቦው 0.2 ኦም መቋቋም ቢኖረው፣ 28 አምፔር ሲሳብ 5.6 ቮልት ይወርዳል። 36 የነበረው 30.4 ሲሆን ኮንትሮለሩ ባትሪው ያለቀ ይመስለውና ያቆማል። ዲስፕሌዩ ግማሽ ባትሪ እያሳየ ሳይክሉ የሚሞተው ለዚህ ነው። ሙቀትም የሚያድገው በአምፔሩ ስኩዌር ስለሆነ፣ ከ15 ወደ 25 መውጣት ብቻ በሽቦውና በሶኬቱ ላይ ያለውን ሙቀት ወደ 2.8 እጥፍ ያደርሰዋል። በታጣፊ ሳይክል ላይ ይህ ይብሳል፤ ኮንትሮለሩ አየር በማያገኝበት የፍሬም ቱቦ ውስጥ ነው የሚቀበረው።

ሞተሩም አይተርፍም። በነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ውስጥ በብዛት የናይለን ማርሾች አሉ፤ በድንገተኛ ጉልበት ጥርሳቸው ይላጫል። አክስሉን ደግሞ በስስ አልሙኒየም ቀዳዳ ውስጥ የሚይዘው ሁለት ጠፍጣፋ ጎኑ ብቻ ነው። ጉልበቱ ሲበዛ ቀዳዳውን አስፍቶ ይሽከረከራል፣ የሞተሩን ገመድ ይጠመዝዘዋል፣ ኃይል ወደ ሞተሩ የሚወስደው ወፍራሙ የፌዝ ሽቦ፣ ሞተሩ የት ላይ እንዳለ ለኮንትሮለሩ ከሚነግረው ቀጭን የሆል ሴንሰር ሽቦ ጋር ይነካካና ሴንሰሩም ኮንትሮለሩም አብረው ይቃጠላሉ። አክስሉን የሚይዝ የብረት ክንድ ሳይገጠም፣ ዳዶውም በደንብ ሳይጠብቅ ጉልበት መጨመር ፈጽሞ አይገባም።

ሳጥኗ ላይ ስለሚሠራው ማታለል ይህን እወቁ። የተጻፈው ዋት ምንም አይነግራችሁም፤ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ፦ ከፍተኛው አምፔር እና ኮንትሮለሩ የሚቆምበት ዝቅተኛ ቮልት። ለ36 ቮልት ባትሪ ይህ ዝቅተኛ ቮልት 30 ወይም 31 አካባቢ መሆን አለበት። «36/48» ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ሳጥኖች በእውነት የ48 ብቻ ስለሆኑ 41 ወይም 42 ቮልት ላይ ይቆማሉ። የእናንተ ባትሪ እስከ አፉ ሲሞላ 42 ቮልት ነው! እንግዲህ ወይ ጭራሽ አይነሳም፣ ወይ ጥቂት ሄዶ ይቆማል፤ ሻጩ ደግሞ «ባትሪህ ሞቷል» ብሎ ሌላ ባትሪ ሊሸጥላችሁ ይሞክራል። እንዳትሰሙት፣ መጀመሪያ ባትሪውን በቴስተር ለኩት።

ክዳኑን በካቻቢቴ ከፍታችሁም ተመልከቱ። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ቆርቆሮ መሰል ዕቃዎች፣ ላይ 63 ቮልት መጻፍ አለበት። 50 ቮልት ከተጻፈ ዕቃው ለ36 ብቻ ነው፤ ሲሞላ 54.6 ቮልት የሚደርሰውን የ48 ባትሪ አይችልም። ከሁሉም የሚከፋው ግን ሻንቱ ነው። ሻንት ኮንትሮለሩ የሚስበውን አምፔር የሚለካባት፣ ሰሌዳው ላይ እንደ ድልድይ የቆመች ወፍራም ሽቦ ናት። በስታኞ ጉብጉብ ብላ ከተሸፈነች አንድ ሰው ሆን ብሎ አሳስቷታል። መቋቋሟ ስለቀነሰ ኮንትሮለሩ 25 አምፔር እየሳበ 15 የሳበ ይመስለዋል፤ ራሱንም ባትሪውንም መጠበቅ አይችልም። «አፕግሬድ የተደረገ» ተብሎ በውድ የሚሸጠው አንዳንዱ ዕቃ ይኸው የ15 አምፔር ሳጥን ነው። ይህ ማጭበርበር ነው፤ ያየ ሰው ለሌላው ይንገር።

ዲስፕሌይም አይርሳ። ሶኬቱ ባለ 5 ሆኖ ስለገጠመ ብቻ አይግባባም፤ ኮንትሮለርና ዲስፕሌይ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያል፣ የሽቦዎቹም ቅደም ተከተል እንዲሁ። ለምሳሌ ኬቲ የተባለው ፋብሪካ ኮንትሮለር የራሱን የኬቲ ዲስፕሌይ ይፈልጋል። ሁለቱን አብሮ የማይሸጥ ሰው ቀሪውን ወጪ እናንተ ላይ እየጣለ ነው።

የድሮው ኮንትሮለር በእርግጥ ተቃጥሎ ከሆነ መቀየሩ ተገቢ ነው፤ ግን በዚያው ቮልትና በዚያው አምፔር። መቃጠሉን ለማረጋገጥ ባትሪውን ንቀሉ፣ ካፓሲተሩ የያዘው እንዲያልቅ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ የሞተሩንም ሶኬት ንቀሉ። ከዚያ በኮንትሮለሩ በኩል ከሦስቱ የፌዝ ሽቦዎች እያንዳንዱን ከዋናው ቀይና ከዋናው ጥቁር ጋር በኦም ለኩ። ሦስቱ ተመሳሳይ ቁጥር መስጠት አለባቸው፤ አንዱ ወደ ዜሮ ከቀረበ ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋው ሞስፌት ሞቷል። ሦስቱም እኩል ከሆኑ ችግሩ ምናልባት የሆል ሴንሰር ነው። ሶኬቱን መልሳችሁ ባትሪውን አገናኙ፣ ለሆል ሴንሰሩ የሚመጣው 5 ቮልት መኖሩን እዩ፣ ጎማውን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ አዙሩ። ማርሽ ያለው ሞተር ጎማው ወደ ፊት ሲዞር ውስጡ ስለማይዞር ነው ወደ ኋላ የምላችሁ። እያንዳንዱ የሆል ሽቦ ከዜሮ ወደ 5 ቮልት ገደማ እየዘለለ መመለስ አለበት። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ደህና ኮንትሮለር ጥሎ ሌላ ይገዛል።

አዲሱን ስትገጥሙ የሽቦ ቀለም አትመኑ። የሆሉን እንዳለ ትታችሁ ሦስቱን ፌዝ ስታቀያይሩ 6 አማራጭ አለ፤ በጸጥታ የሚዞረው አንዱ ብቻ ነው። እሱ ወደ ኋላ ካዞረ ሁለት የሆል ሽቦ አለዋውጡና ትክክለኛውን ፌዝ እንደገና ፈልጉ። ይህ ሁሉ ጎማው ከመሬት ተነስቶ፣ ጋዙ በትንሹ እየተሰጠ ይሞከር። ጎማው በነፃ ሲዞር ከ1.5 አምፔር በላይ ከሳበ ወይም ካጉረመረመ አገጣጠሙ ስህተት ነው። የፍሬን ማቋረጫው ሞተሩን ማስቆሙን ጋዝ ከመሞከር በፊት አረጋግጡ። የጋዝ መስጫው ጥቁር ሽቦ ከላላ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሊፈናጠር ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያድናችሁ ፍሬኑ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ ሕጉም አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በእስራኤል የኤሌክትሪክ ሳይክል ወሰን 250 ዋትና 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኤል 2849 የሚባለው የደኅንነት ማረጋገጫ የሌለው የኤሌክትሪክ ሳይክል መሸጥ ክልክል ነው። ማረጋገጫው የሚሰጠው ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ኮንትሮለሩና ቻርጀሩ አንድ ላይ ተፈትነው ስለሆነ፣ ከአራቱ አንዱን ስትቀይሩ የተፈተነው ሳይክል እጃችሁ ላይ የለም።

ገዝታችሁ ከሆነም የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ክፈቱት፣ ሲከፈት በቪዲዮ ቅረጹ፣ ሻንቱንና ካፓሲተሩን ፎቶ አንሱ። ሶኬቶቹ አልገጥም ካሉ ገመዱን አትቁረጡ፤ ገመዱ የተቆረጠ ዕቃ ሻጩ መልሶ አይወስድም።