ለጋሼ ምስጋና፤ ኤምዲኤፍና ቺፑድ ለምትገዙ ሁሉ ጥቆማ

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ ኪችን ካቢኔትና ቁም ሳጥን የምትሠሩም የምታሠሩም ወገኖቼ፣ አንድ ሰው አመስግኜ ለእናንተም ልጠቁማችሁ ነው። ስማቸውም የመሥሪያ ቤታቸው ስምም እንዳይነሣ ስለጠየቁኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጋሼ ሥራቸው የእንጨት ፓነል መመርመር ነው። ከኤምዲኤፍ፣ ከቺፑድና ከኮምፔንሳቶ የሚወጣውን ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጋዝ በሚለካ ላቦራቶሪ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሠርተዋል።

ያገናኘን የአንዲት ደንበኛዬ ጥያቄ ነው። ልጇ አስም አለበት። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት "የምትሰቅልልኝ እንጨት ምን ያህል ጋዝ እንደሚያወጣ በወረቀት አሳየኝ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ኤምዲኤፍም ሆነ ቺፑድ የተፈጨ እንጨት ከኮላ ጋር ተደባልቆ በሙቀት የተጨመቀ ነው፤ ኮላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ረከስ የሚለው ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ነው። ይህ ኮላ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይፈርሳል፣ ሲፈርስም ጋዙን ይለቃል። ጋዙ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2004 ሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

አቅራቢውን ማስረጃ ብጠይቀው ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ላከልኝ። ጣውላውን ከመቁረጤ በፊት ወረቀቱን ይዤ፣ ሰው ጠቁሞኝ፣ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ካነበቡ በኋላ የጠየቁኝ ስለ ማኅተሙ አልነበረም። "የገዛኸው ውፍረቱ ስንት ነው?" አሉኝ። ሦስት አራተኛ ኢንች (19 ሚሊ ሜትር ገደማ) ነው አልኳቸው። ወረቀቱ ግን የወጣው ለቀጭን ኤምዲኤፍ ነበር፤ ቀጭን የሚባለው እስከ 8 ሚሊ ሜትር ድረስ ያለው ነው። በአሜሪካ ሕግ የሁለቱ ወሰን አንድ አይደለም። ለቀጭኑ የተፈቀደው በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 0.13 ሲሆን ለወፍራሙ 0.11፣ ለቺፑድ 0.09፣ ለኮምፔንሳቶ ደግሞ 0.05 ነው። ወረቀቱ የሐሰት አልነበረም፤ የእኔን እንጨት ግን አይመለከተውም። ጋሼ "መልስለትና የዚህን የራሱን አምጣ በለው" አሉኝ። መለስኩ፤ ትክክለኛ መለያ ያለው ጣውላ ከሌላ አቅራቢ አገኘሁ።

ያስተማሩኝን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ፓነሉ ወይም እሽጉ ላይ ያለው መለያ የአምራቹን ስም፣ የምርቱን የሎት ቁጥር (በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳየውን)፣ የአሜሪካውን የፎርማልዴሃይድ ሕግ "ታይትል ሲክስ"ን አሟልቶ የተረጋገጠ ነው የሚለውን ቃልና የሦስተኛ ወገን አረጋጋጩን ቁጥር መያዝ አለበት። ከሁሉም ጋሼ የሚወዱት ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እውቅና የሰጣቸውን አረጋጋጮች ዝርዝር በድረ ገጹ ስለሚያወጣ ማንም ሰው ቁጥሩን ማመሳከር ይችላል። አረጋጋጩ ፋብሪካውን አንድ ጊዜ አይቶ የሚሄድ አይደለም፤ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ናሙና ያስመረምራል። ኤምዲኤፍና ቺፑድ የሚያመርተው ፋብሪካም በበኩሉ በየፈረቃው ይለካል።

አለቃቸውን አስፈቅደው ላቦራቶሪውን አስጎብኝተውኛል፤ ለዚህ የተለየ ምስጋና አለኝ። ጋዙ የሚለካበት ትልቁ ቻምበር ቢያንስ 22 ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ የውጭ አየር እንዲሁ የማይገባበት ክፍል ነው። ጣውላዎቹ በቅድሚያ ለ7 ቀን በተወሰነ ሙቀትና እርጥበት ይቆያሉ፤ ከዚያ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ50 በመቶ እርጥበት ቻምበሩ ውስጥ ይደረደራሉ። ከ16 እስከ 20 ሰዓት ካለፈ በኋላ አየሩ በቱቦ ተስቦ በፈሳሽ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፣ ፎርማልዴሃይዱም እዚያው ይቀራል። ክሮሞትሮፒክ አሲድ ሲጨመርበት ፈሳሹ ሐምራዊ ይሆናል፤ ቀለሙ በደመቀ ቁጥር ጋዙ በዝቷል ማለት ነው፣ መጠኑንም መሣሪያ አንብቦ በቁጥር ያወጣዋል። ጋሼ አንዱን ብልቃጥ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው "ይኼ ሰው ሳሎን ውስጥ የሚገባ አየር ነው" ሲሉኝ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን እዚያ እንደቆዩ ገባኝ።

ጥንካሬውም በዚያው ይፈተናል። አምስት ሴንቲ በአምስት ሴንቲ የሆነች ቁራጭ በሁለቱም ፊቷ ብረት ተለጥፎባት እስክትገነጠል ትጎተታለች። ሌላዋ ውኃ ውስጥ 24 ሰዓት ተነክራ ምን ያህል እንዳበጠች ይለካል። የዕቃ ማጠቢያ ሥር ያለ ካቢኔት ያበጠበት ሰው የዚህን ምርመራ ጥቅም ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሕጉ ከየት እንደመጣም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በ2005 ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ ቤታቸው የፈረሰባቸው የሉዊዚያናና የሚሲሲፒ ሰዎች መንግሥት በሰጣቸው ተጎታች ቤቶች ገቡ፤ ብዙዎቹ ዓይናችንን አቃጠለን፣ መተንፈስ አቃተን አሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል 519 ተጎታች ቤቶችን መርምሮ አማካዩ የፎርማልዴሃይድ መጠን በአንድ ቢሊዮን የአየር ክፍል 77 መሆኑን በ2008 አሳወቀ። ካሊፎርኒያ ቀድማ የራሷን ወሰን አውጥታ ነበር፤ የፌዴራሉ ሕግ በሐምሌ 2010 ተፈረመ፣ አፈጻጸሙ ግን 2018 ደረሰ። ጋሼ ስለ እነዚያ ሰዎች ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። እኔም ከዚያ ወዲህ መለያውን የማየው በሌላ ዓይን ነው።

ለባለሙያዎች አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሐበሻ አናጢዎች ያልሰማነው ጉዳይ ነው። ቬኒየር (ፓነል ላይ የሚለጠፍ ስስ የእንጨት ልባስ) በራሳችሁ ወርክሾፕ የምትለጥፉ ከሆነ፣ ከመጋቢት 22 ቀን 2024 ጀምሮ ሕጉ የሚያያችሁ እንደ ኮምፔንሳቶ አምራች ነው፤ ማስመርመርና ማስረጋገጥም ይመጣባችኋል። ከዚህ የሚያድነው የተረጋገጠ ፓነል ላይ ፎርማልዴሃይድ ባልተጨመረበት ወይም በፊኖል ፎርማልዴሃይድ ኮላ መለጠፍና የግዢውን ደረሰኝ በሥርዓት ማስቀመጥ ነው። ፎርማይካ መለጠፍ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ሕጉ የሚያወራው ስለ እንጨት ቬኒየር ነው። ቬኒየር በር ልጀምር ሳስብ ኮላውን ከመግዛቴ በፊት ይህን ቁጭ አድርገው አስረዱኝ።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም በስልክ አግኝቷቸዋል። እዚያ የአሜሪካው መለያ ሳይሆን "ኢ ዋን" የሚለው ጽሑፍ ነው በብዛት የሚታየው። እሱም በአውሮፓ አለካክ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ0.124 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ማለት ነው። ጋሼ "ጽሑፉ ብቻ አይበቃህም፣ የምርመራውን ውጤትና የሎት ቁጥሩን ጠይቅ" አሉት። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለቤት ዕቃ ይህንኑ ወሰን ከነሐሴ 2026 ጀምሮ በግማሽ አውርዶ 0.062 አድርጎታል። በተቆረጠ ጠርዝ በኩል የሚወጣው ጋዝ ስለሚበዛም የመደርደሪያውን ጀርባ ጠርዝ ሳይቀር እንዲሸፍን መከሩት።

ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አልተቀበሉኝም። ከደንበኛዬ ቡና ይዤላቸው ብሄድ እንኳ "ለእሷ የምትሠራውን አሳምረህ ሥራ" ብለው መለሱኝ። በሌላ በኩል ምክራቸው የላቦራቶሪ ማረጋገጫ እንዳልሆነ ደጋግመው ይናገራሉ፣ መሥሪያ ቤታቸው የሚመረምረውን ፋብሪካ በተመለከተም አንዲት ቃል አይተነፍሱም። የበለጠ ያመንኳቸውም በዚህ ነው።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ያብዛልዎ። የእሳቸውን ምክር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉ የመለያውን ግልጽ ፎቶ፣ ደረሰኙንና የጣውላውን ውፍረት አብራችሁ ላኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመቻቸው።