ዲስኮርድ ለጽሑፍ የሚና ጨዋታ፦ ጥሩ መሰብሰቢያ፣ ደካማ መዝገብ

በድምፅና በጽሑፍ መነጋገሪያ የሆነው ዲስኮርድ እ.ኤ.አ. በ2015 ለአገልግሎት ሲበቃ ዋና ዓላማው የቪዲዮ ጌም ተጫዋቾች እየተጫወቱ በድምፅ እንዲነጋገሩ ማስቻል ነበር። የሚና ጨዋታን በጽሑፍ የሚጫወቱ ሰዎች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው አንድን ታሪክ በየተራ እየጻፉ ወደፊት የሚገፉ፣ ለእነርሱ ተብሎ ባይሠራም በብዛት ሰፍረውበታል። ይህ ግምገማ አገልግሎቱን በድምፁ ጥራት ወይም በመልኩ ማማር አይመዝነውም፤ የሚመዝነው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ የሚና ጨዋታ ማኅበረሰብ ሳይቀዘቅዝና ሳይሰለች እንዲቆይ ምን ያህል ያግዛል? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ሰዎችን በማቀራረብ ረገድ የሚያህለው አላገኘሁም፤ ታሪኩን በማስታወስ ረገድ ግን ሥራውን ሁሉ በአስተዳዳሪው ጫንቃ ላይ ይጥለዋል፤ አስተዳዳሪው ያን ሥራ ችላ ካለ ደግሞ የአባላቱ ወሬ እንደ ደራ ጨዋታው ይሞታል።

በጽሑፍ ሌላ ሰው ሆኖ መጫወት ከዲስኮርድ በብዙ ዓመታት ይቀድማል። ሮይ ትሩብሾ እና ሪቻርድ ባርትል በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ «መድ» የተባለውንና ብዙ ሰዎች በጽሑፍ ብቻ የሚገናኙበትን ዓለም መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ባርትል እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏቸዋል፦ ግብ ለመምታት የሚጫወቱ፣ ዓለሙን ለማሰስ የሚጫወቱ፣ ከሰው ለመግባባት የሚጫወቱ፣ ሌላውን ለመጣል የሚጫወቱ። ክፍፍሉ ለጽሑፍ ሚና ጨዋታ ልክ ተብሎ የተሰፋ ባይሆንም ዲስኮርድ ማንን እንደሚመግብ ለማየት ይጠቅማል፤ ሦስተኛውን ያጠግበዋል፣ ሁለተኛውን ያስርበዋል። ከሰው ለመግባባት የመጣው አባል ገና ሲገባ የሚያወራው አያጣም፤ የታሪኩን ዓለም ለማሰስ የመጣው ግን ያለፈውን ለማወቅ በሺህ የሚቆጠሩ መልእክቶችን ወደ ላይ መግፋት ይኖርበታል።

ለሚና ጨዋታ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው መሣሪያ የዲስኮርድ የራሱ ሥራ አይደለም፤ ታፐርቦክስ የሚባለው ቦት፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ረዳት ፕሮግራም ነው። አንድ አባል ገጸ ባሕርይውን በስም፣ በምስልና በመለያ ምልክት ካስመዘገበ በኋላ «ዘበኛ፦ በሩ ከመሸ አይከፈትም፤ ማን ልበል?» ብሎ ሲጽፍ ቦቱ የአባሉን መልእክት ያጠፋና ያንኑ ቃል «የሰሜን በር ዘበኛ» በሚል ስም፣ በዘበኛው ምስል መልሶ ያወጣዋል። የአባሉ ስም ከፊት ገለል ይልና አንባቢው ዘበኛውን ብቻ ያያል። አንድ ሰው ሦስትና አራት ገጸ ባሕርያት ይዞ ሳያምታታ መጻፍ ይችላል፤ ከጨዋታ ውጪ የሚነገረውና በጨዋታው ውስጥ የሚነገረውም በዓይን ይለያል። እንደ እኔ ግምት ይህ ቦት ባይኖር ዲስኮርድን ለዚህ ዓላማ ለማንም ባልመከርሁ ነበር።

ይሁን እንጂ ጣጣ አለው። መልእክቱ የሚወጣው ቦቶች በፈለጉት ስም በሚለጥፉበት፣ ዌብሁክ በሚባለው መንገድ ስለሆነ ዲስኮርድ የአባሉ አድርጎ አይቆጥረውም፤ ስለዚህ አንድ ሰው የዘበኛውን ቃል ጠቅሶ ምላሽ ቢጽፍ ከዘበኛው በስተጀርባ ላለው ጸሐፊ ማሳወቂያ አይደርሰውም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ትዕይንቶች የሚቀዘቅዙት በፍላጎት ማነስ ሳይሆን በዚህ ነው። ሁለት ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው ሌላኛውን እየጠበቁ፣ ሌላኛው ተሰላችቷል ብለው በልባቸው እያዘኑ፣ በመጨረሻ ሁለቱም ይተዉታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማንም አባል ተራውን ሲጨርስ ቀጥሎ የሚጽፈውን ሰው በእውነተኛ የአካውንት ስሙ ጠርቶ እንዲጨርስ የሚያዝ ደንብ ማውጣትና ደንቡን አስተዳዳሪዎቹ ራሳቸው ሳያጓድሉ መፈጸም።

የርዝመቱም ነገር አለ። አንድ መደበኛ መልእክት ከ2000 ቁምፊ አይበልጥም፤ ናይትሮ የሚባለውን ክፍያ የፈጸመ አባል እስከ 4000 ይጽፋል፤ በዌብሁክ የሚወጣ መልእክት ግን በ2000 ይገታል፤ ስለዚህ ረጅም ለመጻፍ የከፈለ ሰው በገጸ ባሕርይው ስም ሲጽፍ ትርፉ አይታየውም። በፊደላችን ለምንጽፍ ሰዎች ገደቡ ሰፋ ይላል፤ በላቲን ሁለት ፊደል የሚፈልገው ድምፅ በእኛ በአንድ ስለሚጻፍ በዚያው 2000 ውስጥ ደህና ርዝመት ያለው ትረካ ይገባል።

አሁን ወደ ፍጥነቱ ልምጣ፤ የዲስኮርድ መልካምነትም ጥፋትም ያለው እዚህ ላይ ነውና። አገልግሎቱ የተሠራው ለፈጣን ምልልስ ነው። ሦስት ሰዎች አንድ ትዕይንት ጀመሩ እንበል፦ አንዱ ሌባ፣ አንዱ ዘበኛ፣ አንዷ ሐኪም ሆነው ይጽፋሉ። ሌባውና ዘበኛው በአንድ ሰዓት ኦንላይን ተገናኙና ባጭር ባጭሩ እየተመላለሱ ጻፉ፤ ሌባው ገባ፣ ተያዘ፣ አመለጠ። ሐኪሟን የምትጽፈው አባል ማታ ከሥራ ስትመለስ ገጸ ባሕርይዋ በሩ አጠገብ ስትደርስ የሚገልጽ፣ የተደከመበት አንቀጽ ጻፈች፤ በሩ ላይ ግን የቀረ ሰው የለም። ይህ ደጋግሞ ሲደርስባት ምንም ቅሬታ ሳታሰማ ትጠፋለች። ማኅበረሰቦች የሚያጡት በአብዛኛው እንዲህ ያሉትን ነው፤ ቀስ ብለው የሚጽፉትንና በጥንቃቄ የሚጽፉትን።

ዲስኮርድ ለዚህ ያዘጋጀው መላ ስሎውሞድ ነው፤ አንድ አባል በአንድ ቻናል፣ ማለትም በአንድ የመጻፊያ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ መልእክት ከመላኩ በፊት ከ5 ሴኮንድ እስከ 6 ሰዓት እንዲጠብቅ ያደርጋል። ግርግርን ለማብረድ ይጠቅማል፤ ለትረካ ግን ሻካራ መሣሪያ ነው፣ ምክንያቱም ሰዓት ይቆጥራል እንጂ ተራ አይቆጥርም። የማስተዳደር ፈቃድ የተሰጣቸው አባላት ከገደቡ ነፃ ሊሆኑ መቻላቸውም ሌላ ችግር ነው፤ አስተዳዳሪዎች ተጫዋች በሆኑበት ሰርቨር፣ ማለትም ማኅበረሰቡ ቻናሎቹን ይዞ በሚሰበሰብበት ቦታ ውስጥ እነርሱ እንደ ልባቸው ሲጽፉ ሌላው ቆሞ ሲጠብቅ ማየት ቅያሜ ይወልዳል። እኔ የምመርጠው የሰው ደንብ ነው፦ ትዕይንቱ ሲከፈት የተራው ቅደም ተከተል ይጻፋል፤ ተረኛው በተስማሙበት ጊዜ ውስጥ ካልጻፈ ተራው ያለ ወቀሳ ይዘለላል፤ ሲመለስም ያለ ወቀሳ ይገባል። «ያለ ወቀሳ» የሚለው ሐረግ በደንቡ ውስጥ በግልጽ ቢሰፍር መልካም ነው፤ ብዙ ሰው የሚቀረው ስላረፈደ ሳይሆን አርፍጄ እንዴት እገባለሁ ብሎ ስለሚያፍር ነው።

አንድ ሰርቨር እስከ 500 ቻናል መያዝ ይችላል፤ አዲስ አስተዳዳሪዎች ይህን እንደ ግብዣ ይቆጥሩታል። ቤተ መንግሥቱ፣ ወደቡ፣ ጫካው፣ እስር ቤቱ፣ የእስር ቤቱ ምድር ቤት ሳይቀር እያንዳንዱ የራሱ ቻናል ይከፈትለታል። አዲስ የመጣው አባል ይህን ሁሉ ዙሮ ሲያይ አብዛኛው ወና ነው፤ ወና ቤት ውስጥ ቀድሞ ድምፅ ማሰማት ደግሞ ለማንም ይከብዳል። ከዚህ ይልቅ ፎረም ቻናል የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣው አሠራር ለሚና ጨዋታ ይመቻል። እያንዳንዱ ትዕይንት ርዕስ ያለው የራሱ ክፍል ይሆናል፤ ለአንድ ፎረም እስከ 20 መለያ ታግ ማዘጋጀት፣ ለአንድ ትዕይንት ደግሞ እስከ 5 መለጠፍ ይቻላል። «ማንም ሊገባበት የሚችል»፣ «ተራ የሚጠብቅ»፣ «የተጠናቀቀ» የሚሉ ሦስት ታጎች ብቻ እንኳ ቢኖሩ አዲስ አባል የት መግባት እንደሚችል ሰው ሳይጠይቅ ያውቃል። እዚህም ላይ ግን የፍጥነቱ ጠባይ ብቅ ይላል፤ ማንም ያልጻፈበት ክፍል ቢበዛ ከአንድ ሳምንት በኋላ ከጎን ዝርዝሩ ይወርዳል። አልጠፋም፤ አንድ ሰው ሲጽፍበት ይመለሳል፤ ነገር ግን ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃልና በየሳምንቱ የተኙትን ትዕይንቶች እየዞረ የሚቀሰቅስ ሰው ያስፈልጋል።

በጻፉት መልእክት ብዛት ነጥብ የሚሰጡና ደረጃ የሚያወጡ፣ እንደ ሚሲክስ ያሉ ቦቶችን በሚና ጨዋታ ቻናሎች ውስጥ ባላይ እመርጣለሁ። ብዛትን የሚሸልም አሠራር አንድን አንቀጽ በአምስት ቁራጭ ከፋፍሎ መላክን ያስተምራል። የዲስኮርድ የራሱ የቀጠሮ ማሳወቂያ ግን ደህና ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ተገናኝተው ለሚጽፉት ትልቅ ትዕይንት በቂ ነው።

ስለ ደኅንነት ጥቂት ልበል። ጆን ስታቭሮፑሎስ ለጠረጴዛ ዙሪያ ሚና ጨዋታ ያስተዋወቀው የኤክስ ካርድ፣ ማለትም ማንም ተጫዋች ያልተመቸውን ነገር ካርዱን በመንካት ብቻ፣ ምክንያት ሳይጠየቅ የሚያስቆምበት ዘዴ፣ በዲስኮርድ ላይ በኢሞጂ ይተካል። ሆኖም ኢሞጂውን ማን እንዳስቀመጠው ለሁሉም ስለሚታይ ዓይን አፋሩ አባል አይደፍርም፤ ለአወያይ በግል መጻፍ የሚቻልበት መንገድ ከጎኑ መኖር አለበት። በራሱ የሚሠራው ማጣሪያ፣ አውቶሞድ፣ በቃላት ላይ የተመሠረተ ሲሆን ሌባው ዘበኛውን «እገድልሃለሁ» ሲለው ከእውነተኛ ዛቻ አይለየውም፤ ስለዚህ ለስድብ ቃላት ይበቃል፣ ለፍርድ ግን ሰው ያስፈልጋል። አባልን ሳያባርሩ እስከ 28 ቀን ዝም ማሰኘት የሚያስችለው ታይምአውት ጥሩ አማራጭ ነው፤ በጨዋታ የተነሣ ጠብ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ካረፈ ይበርዳል።

የማማርረው በመዝገቡ ነው። ዲስኮርድ ለሰርቨር ባለቤት የአንድን ቻናል ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ የሚያስቀምጥበት የራሱ መሣሪያ አላዘጋጀም፤ አንድ አባል መረጃዬን ስጡኝ ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው የራሱን መልእክቶች እንጂ የባልንጀሮቹን አይደለም። አብረው የጻፉት ታሪክ አብሮ አይወጣም። ፍለጋው ፈጣን ቢሆንም ቃሉን ለሚያስታውስ ሰው ነው የሚሠራው፤ ሐኪሟ ለምን ከዘበኛው ጋር እንደተኳረፈች ለማያውቅ አዲስ አባል ምን ብሎ እንደሚፈልግ አይነግረውም። ስለዚህ አንድ ትዕይንት ባለቀ ቁጥር ፍሬ ነገሩን በአራትና አምስት ዓረፍተ ነገር እየጻፈ በአንድ ቻናል የሚያኖር፣ የማኅበረሰቡን ዜና መዋዕል የሚይዝ ሰው መሾም አለበት፤ ዋናው ጽሑፍም ከዲስኮርድ ውጪ በሰነድ ይገልበጥ። ሥራው አሰልቺ ስለሆነ በየወሩ ቢፈራረቁበት ይሻላል።

ጓደኞቹን ይዞ ሕያው ጨዋታ መጀመር ለሚፈልግ፣ የተራ ደንብ ለማስከበርም ትዕግሥቱ ላለው፣ ዲስኮርድን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ረጃጅም ምዕራፎችን በወር አንድ ጊዜ ለሚለዋወጡ ጸሐፊዎች ግን አይሆንም፤ ለእነርሱ የጋራ ሰነድ ይበልጣል። ለመጀመር የወሰነ ሰው ቻናል ከመክፈቱ በፊት አንድ ነገር ይጨርስ፦ የሰርቨር ባለቤትነት በአንድ አካውንት ላይ ብቻ ይመዘገባል፤ ያ ሰው ሥልጣኑን ሳያስተላልፍ ቢጠፋ ሌሎቹ አስተዳዳሪዎች የቱንም ያህል ፈቃድ ቢኖራቸው በራሳቸው ሥልጣን ባለቤት መሆን አይችሉም፤ ስለዚህ ባለቤቱ መቀጠል ካልቻለ ለማን እንደሚያስረክብ ገና ሰው ሳይሰበሰብ ተነጋግረው ይወስኑ።