ለእማማ ቤት ላገኘላቸው ደላላ ምስጋና፤ ቤት ፈላጊም አከራይም ያንብበው

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስለ አንድ ደላላ ጥሩ ነገር ልጽፍ ነው። በዚህ ከተማ "ደላላ" ሲባል ሁላችንም የምናነሳው ቅሬታ አለን፣ እኔም ነበረኝ። ግን ባለፈው ክረምት አንድ ደላላ ለእማማ ያደረገውን በዓይኔ አይቼ ዝም ብል ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

እማማ የዶሮ ማነቂያ ሰው ናቸው። እኔም ያደግኩት እዚያው ነው፣ በራቸው ከበራችን ፊት ለፊት ነበር። የቀበሌ ቤት ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ያረጁት የፒያሳ ቤቶች ብዙዎቹ ከዚያ ጀምሮ ሰው በጥቂት ብር ኪራይ ሲኖርባቸው የቆዩ ናቸው። እማማ ግን ውሉ ላይ አልነበሩም። ውሉ በባለቤታቸው እህት ስም ነው። እሳቸው ደባል ናቸው። ከ30 ዓመት በላይ እዚያ ቤት ኖረው፣ ልጅ ወልደው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ ወረቀት ላይ ግን የሉም።

በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ውል ያላቸው ምትክ አግኝተው ወጡ። አንዱ ኮንዶሚኒየም፣ አንዱ ሌላ የቀበሌ ቤት፣ ገላን ጉራ ድረስ የሄዱም አሉ። የእማማን ቤት ምትክ የወሰዱት የእህትየው ልጆች ናቸው፣ እናታቸው ቀደም ብላ አርፋለች። አልፈርድባቸውም፣ እነሱም ቤተሰብ አላቸው። እማማ ጥቂት ወራት እነሱ ጋ ቆዩና ቤቱ ስለጠበበ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወጡ። ልጁ 11 ዓመቱ ነው። እናቱ ከሞተች ጀምሮ የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው፣ ጥጥ እየፈተሉ። ፈትሉን ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይሸጣሉ።

ከዚያ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ተከራዩ። ውል የለም፣ በቃል ነው። ኪራዩ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጨመረ። በመጨረሻ "ልጄ ከዐረብ አገር ልትገባ ስለሆነ ክፍሉን እፈልገዋለሁ፣ በ10 ቀን ልቀቁ" ተባሉ። ለቀቁ። ለማንም አልተናገሩም።

እኔ ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ፣ እሁድ ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ሄጄ ከመጠለያው ሥር ተቀምጠው አየኋቸው። ሳምኳቸው። "እማማ ምነው እዚህ?" ስላቸው "ሱባኤ ገብቼ ነው ልጄ" አሉኝ። በፍልሰታ ብዙ ሰው ሱባኤ ስለሚይዝ፣ እዚያው ስለሚያድርም፣ አመንኳቸው። ልሄድ ስል ግን ልጁን አየሁት። የትምህርት ቤት ቦርሳውን አቅፏል። ከጎኑ ሰማያዊ ጀሪካን አለ፣ ከጀሪካኑ አጠገብ ደግሞ በነጠላ የተጠቀለለ ጀበና። ለሱባኤ ጀበና ይዞ የሚመጣ ሰው የለም። ልጁን ወደ ዳር ወስጄ "ስንት ቀናችሁ?" አልኩት። "አምስት" አለኝ።

አምስት ቀን! በዚያ ዝናብ! ሱባኤ የያዘው ሰው ስለበዛ ማንም ልብ አላላቸውም። ይህንን ስጽፍ አሁንም ሆዴ ይባባል። ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ስንል ዓይናችን ውስጥ የሚመጣው መንገድ ዳር ላስቲክ ለብሶ የተኛው ብቻ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የተቀመጠች እናት ግን ቤት እንደሌላት በምን ይታወቃል?

ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው። የኔም ቤት አንድ ክፍል ከነ ሁለት ልጆቼ ስለሆነ መፍትሔ አልነበረም። ሰዎች መቄዶንያ ውሰጃቸው አሉኝ። መቄዶንያን በጣም ነው የማከብረው። አቶ ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ከጀመሩት ጊዜ አንስቶ ስንት ወገን የሌለው አረጋዊ፣ ስንት የአእምሮ ሕመምተኛ ከመንገድ አንስተዋል። "ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው" የሚለውን ቃላቸውን የማያውቅ የለም። ግን እማማ በእግራቸው የሚቆሙ፣ ራሳቸው የሚሠሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። እሳቸው የሚያስፈልጋቸው የሚቆለፍ በር ነው። ያለ ፍርሃት የሚተኙበት አንድ ክፍል። የማዕከሉ አልጋ ደግሞ ከዚህ የባሰ ለቸገረው ይሁን።

ደላላውን ያገናኘን የእድራችን ጸሐፊ ነው። ሰፈሩ ቢፈርስም እድራችን አልፈረሰም፣ ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ እንሰበሰባለን። ደላላው ወጣት ልጅ ነው፣ የሚሠራው አዲሱ ገበያ አካባቢ ነው። ስንደውልለት መጀመሪያ የጠየቀው "ስንት ብር አላችሁ?" የሚል መስሏችሁ ከሆነ አይደለም። "እማማ እድራቸው የት ነው? የሚስሙት ቤተ ክርስቲያንስ? ፈትሉን የሚያስረክቡት የት ነው?" ነው ያለኝ። ለምን እንደጠየቀ ያኔ አልገባኝም ነበር። በኋላ ሲነግረኝ፣ አሮጊት እናት ርካሽ ቤት ተብሎ ከተማ ዳር ከተወሰዱ ታክሲ ሁለት ጊዜ እየያዙ እድርም ሥራም መድረስ ስለማይችሉ በሦስት ወር ውስጥ ኪራይ መክፈል ያቅታቸዋል፣ ከዚያ እንደገና ይወጣሉ። ብዙ አይቷል።

ስድስት ቤት አየን። እኔ ከሥራ ፈቃድ ባጣሁበት ቀን ብቻውን ይዟቸው ዞሯል። አከራዮቹ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት የሚጠይቁት አንድ ዓይነት ነው። ስንት ናችሁ? ልጅ አለ? ውኃ ታበዛላችሁ? እማማን ሲያዩ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። አንዷ ሴትዮ ፊት ለፊት ተናገረችው፣ "እናቴ አይቀየሙኝ፣ አንድ ነገር ቢሆኑብኝ ድንኳኑን የት እተክላለሁ? ማንን እጠራለሁ?" አለች። እማማ ምንም አላሉም። መሬት መሬት አዩ።

አንዱን ቤት ደግሞ እሱ ራሱ ነው የጣለው። ዋጋው ከሁሉም ይሻል ስለነበር እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ግን ከክፍሉ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ሄዶ ተመለሰና "አራት ደረጃ አለው፣ መብራት የለውም፣ እማማ ሌሊት ይወድቃሉ" አለ። አለቀ። ሰባት ዓመት ተከራይቼ ስኖር እንዲህ ያለ ነገር አይቶልኝ የሚያውቅ ደላላ የለም።

ስድስተኛዋ አከራይ ቤቷም ደህና፣ እሷም ደህና ነበረች። እሷም ግን ያንኑ የድንኳን ነገር አነሳች። ደላላው አልተከራከራትም። "ነገ በዚህ ሰዓት እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ። በማግስቱ የእድራችንን ዳኛ ይዞ መጣ፣ ሽማግሌውን ሰውዬ ከነ ከዘራቸው። እኔም ነበርኩ። ዳኛው ቁጭ ብለው "እመቤቴ፣ እኚህ ሴት የ30 ዓመት አባላችን ናቸው። ክፉ አያሳየን እንጂ፣ ቢያሳየን ድንኳኑም ወንበሩም ሰውም የኛ ነው። አንቺ ላይ አንዲት ሳንቲም አትወድቅም" አሏት። እማማ ያኔ እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ከተው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የእድር ደብተራቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ባደሩበት ወር እንኳን ወርሃዊውን ከፍለዋል። ተፈርሟል። አከራይዋ ደብተሩን አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ ተነሥታ የክፍሉን ቁልፍ አመጣች።

አሁን ሁላችሁም፣ በተለይ ተከራዮች፣ ልብ ብላችሁ የምታነቡት ይህንን ነው። ደላላው ቁልፉን ከተቀበልን በኋላ "ውል ሳይጻፍ ዕቃ አይገባም" አለ። ከመጋቢት 2016 ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪ ደግሞ በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው መጠን እንጂ አከራይ ባሻው ጊዜ አይደለም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። እማማ በመጀመሪያው ግቢ ሲጨመርባቸው፣ በ10 ቀን ውጡ ሲባሉ ይህ ሁሉ በሥራ ላይ ነበር። ማንም አልነገራቸውም። እኔም አላውቅም ነበር፣ ብጠይቃቸው ኖሮ ደግሞ "ከሰው ጋር አልካሰስም" ነው የሚሉኝ።

ውሉ በእማማ ስም ተጻፈ። ደላላው ድምፁን ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበላቸው፣ ያልገባቸው ጋ እያቆመ። ስማቸው ጋ ሲደርስ "እስቲ ድገመው" አሉት። ደገመላቸው። ከዚያ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። በሳምንቱ ከአከራይዋ ጋር ወረዳ ሄደን ተመዘገበ። ኪራዩን በቴሌብር እንዲከፍሉ የልጅ ልጃቸውን አስተማረው፣ አሁን ወር በገባ ቁጥር የሚልከው ልጁ ነው፣ ደረሰኙን ለአያቱ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። አከራይዋም ደስተኛ ናት፣ ኪራዩ አንድ ቀን ዘግይቶባት አያውቅም።

የመጀመሪያውን ሁለት ወር 8 ሺህ ብር የድሮ ጎረቤቶች አዋጥተን ከፈልን። ኮሚሽኑን ለደላላው ልሰጠው ስል አልቀበልም አለ። "ከአከራይዋ ድርሻዬን ወስጃለሁ፣ እማማ ቡና ያፍሉልኝ" አለኝ። ያው ጀበና ነው የተፈላበት። ከወር በኋላ ደግሞ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ ከአከራይዋ ጋር ተነጋግሮ ቆርቆሮ አስለወጠ።

ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ። እማማ በየቀኑ ነው የሚመርቁህ። "እንደኔ ያለውን ሰው ቤት ያስገባህ፣ በርህ አይዘጋ" ይላሉ። እኔ ደግሞ እህትህ ነኝ፣ በፈለግከኝ ጊዜ አለሁ።

ለምትፈልጉት፣ ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ አላወጣም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ እሰጣችኋለሁ። የሚሠራው ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳና ፒያሳ ባለው ነው፣ ቦሌና ሲኤምሲ አትጠይቁት። ዛሬ ደውዬ ዛሬ ልግባ ለምትሉም አይሆንም፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ከሰዓት በኋላ ስልክም ብዙ አያነሳም፣ ቤት እያሳየ ስለሚዞር። በጽሑፍ ውል የማይስማማ አከራይ ካላችሁ ደግሞ አትድከሙ፣ አይሠራላችሁም። ግን አረጋዊ ወላጅ ላላችሁ፣ ልጅ ይዛችሁ ለተቸገራችሁ፣ ከዐረብ አገር ተመልሳችሁ ብቻችሁን ቤት ለምትፈልጉ እህቶች፣ ሲሰሟችሁ በር የሚዘጉባችሁን አከራዮች እንዴት እንደሚያነጋግር ያውቃል።

አከራዮች፣ እናንተንም ልለምናችሁ። አሁን ደላላው ቤት እየፈለገ ያለው ለአንድ ዓይነ ስውር አባትና ለሁለት ሴት ልጆቻቸው ነው። ሰውየው ይሠራሉ፣ ኪራይ ይከፍላሉ፣ እስካሁን ዘጠኝ ግቢ እምቢ ተብለዋል። መሬት ላይ ያለ፣ ደረጃ የሌለው፣ መጸዳጃው ቅርብ የሆነ አንድ ክፍል ሰርቪስ ያላችሁ ጻፉልኝ። የእድራቸው ዳኛ ከፈለጋችሁ እሳቸውም ይመጣሉ።